ጭንቀትና ጭንቅላት

ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ሳምንት ጎን አድርገን ስለ ራሳችን፣ ያውም ስለ አናታችን እንጫወት።

የአገሬ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ ራሴን ብቻ...» ማለት ይቀናዋል። አንዱ ራሴን በመቀነት ጠፍረው ያሰሩኝ ይመስለኛል ይላል። ሌላዋ አናቴ ላይ እሳት ይነድዳል ትላለች። ጉንዳን የሚሄድበት የሚመስለው፣ የሚነዝረው፣ ቆሞ ሳለ መሬቱ የሚከዳው ሞልቷል። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ደግሞ ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ራሱን ይወርረዋል።

ይኸው ወዳጄ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ጭንቅላቱ በመሣሪያ ተነሥቶ፣ «ምንም የለህም» ተባለ። በጣም ተቆጣ። «እኔ እየሞትኩ ምንም የለህም ይለኛል! ንቆኝ ነው እንጂ!» አለኝ። ለሐኪሙ ምን እንደነገረው ጠየቅሁት። «ራሴን ያመኛል አልኩታ!» የጥገኝነት ማመልከቻው መልስ አጥቶ ዓመታት መቁጠሩን፣ እናቱ አገር ቤት አልጋ መያዛቸውን፣ ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ መውደቁን አንዱንም አልተነፈሰም። ለምን ብለው፣ «እብድ ነው ብሎ እንዲጽፍብኝ ነው?» አለ።

ችግራችን እዚህ ላይ ነው። «ምንም የለህም» ማለት ዕጢ ወይም የፈሰሰ ደም አልታየም ማለት እንጂ ውሸትህን ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው ጥርሱን ይነክሳል፣ ትከሻውን ይሰቅላል፤ የአንገቱና የራሱ ጡንቻ ተወጥሮ ሲውል ያ መቀነት ይጠብቃል። ትንፋሹም ይፈጥናል። ያን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣና የአንጎል የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ራስ ያዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል። ሰውየው «አለቀልኝ» ብሎ ሲደነግጥ ትንፋሹ ይብስ ይፈጥናል። ጭንቀቱ ራስን ያሳምማል፣ የራስ ሕመሙ መልሶ ያስጨንቃል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ካናዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሬይመንድ ፕሪንስ በ1960 እ.ኤ.አ. ስለ ናይጄሪያ ተማሪዎች ሲጽፍ፣ ራሳቸው ውስጥ የሚያቃጥልና የሚሄድ ነገር እንደሚሰማቸው መናገራቸውን አስፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት ያወጣው፣ በአገራችንም የተሠራበት ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ የሚጀምረው ስለ ራስ ምታት በመጠየቅ ነው። ራሱን የሚያመው ሁሉ ተጨንቋል ማለት አይደለም፤ ግን ጭንቀት በራስ በኩል እንደሚናገር ሐኪሞቹም ያውቁታል። እብድ የሚያሰኝ ነገር የለበትም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፦ እንደ መብረቅ ድንገት የሚመታ ብርቱ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የዓይን ብርሃን መጥፋት፣ ከትኩሳት ጋር የአንገት መገተር ከመጣ፣ «ጭንቀት ነው» ብሎ መተኛት የለም። ወዲያው የድንገተኛ እርዳታ ይጠራ!

ከዚህ ውጭ የሆነውን ግን ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ራሳችሁንም፣ በልባችሁ ያለውንም። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ የምትፈሩት ነገር ካለ ንገሩት። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበትና ጠይቁ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ እናት በልጇ ፊት ሆዷን አትከፍትም። ቤት ስትሆኑ ትከሻን ጥሎ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ የማታውን ቡና መተው ይረዳል።

ወዳጄ ሁለተኛ ጊዜ ሄዶ ሁሉንም ዘረገፈው። መኖሪያ ፈቃዱ አልመጣለትም፣ ራሱንም አልፎ አልፎ ይወርረዋል። አሁን ግን የሚያነጋግረው ባለሙያ አለው፣ ሌሊትም ይተኛል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ አባቶቻችን? ሳምንት በሰላም ያገናኘን።