ውጤታችን የማን ነው?



ቀድሞ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የሚያየው ሰሌዳው ድረስ የመጣ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱንም የባሌ ዝናብና ነፋስ ብዙ አያቆዩትም ነበር። ዛሬ ግን ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩና ከነማርኩ በቴሌግራም ሲለቀቅ፣ ሮቤ ላይ ፈተና የወደቀ ተማሪ በታክሲ ጎባ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት እናቱ ጆሮ ይገባል። ይህን የሚያጠፋ ዝናብም የለም።

ነገሩ በኀፍረት ብቻ አያበቃም። የ12ኛ ክፍል ውጤታችንን በኢንተርኔት ያየነው የመመዝገቢያ ቁጥራችንን አስገብተን ነው፤ ቁጥሩንና ስማችንን ያወቀ ጎረቤትም ከእኛ ቀድሞ ሊያየው ይችል ነበር። ቁጥር ቁልፍ በሆነበት ዘመን፣ ቁልፍን ከነባለቤቱ ስም አደባባይ ላይ መስቀል ምን ይባላል?

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ስለዚህ የምንጠይቀው ችሮታ ሳይሆን መብት ነው፦ ውጤት ለባለቤቱ ብቻ ይነገር፤ ስምና ቁጥር ባንድነት አይለጠፍ፤ መረጃችን ለምን እንደተፈለገና ማን እንደሚያየው ይገለጽልን።

እኛም ብንሆን ንጹሓን አይደለንም። ዝርዝሩን የሚለጥፈው አንድ ሰው ነው፤ ለመቶ ሰው የምናሻግረው ግን እኛ ነን። የጓደኛን ገበና መሸፈን ከወላጆቻችን የወረስነው ጨዋነት ነው፤ ስልክ ስለያዝን አንጣለው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ዝርዝር ሲደርሰን እኛው ዘንድ እናስቀረው፤ ከዚያም መብታችንን በኅብረት እንጠይቅ!