ዳግም ከመፈተን በፊት ውጤትን ማንበብ

እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ሰሞን በብዙ ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጁ ዳግም ይፈተን ወይስ ሌላ መንገድ ይፈለግለት?» ጥያቄው የጥቂት ሰነፎች ጉዳይ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ሲሰጥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ያው ከመስመሩ በታች ቀርቷል።

ለእነዚህ ወጣቶች ኅብረተሰባችን ያዘጋጀው መልስ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው «ዕድልህን እንደገና ሞክር» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «አበቃለት» የሚል ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ ሁለተኛው ይበረታል። በእኛ እምነት ግን ሁለቱም ይስታሉ፤ ሁለቱም የተማሪውን ውጤት ሳያነብቡ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸውና። የፈተና ውጤት የዕድል ጽሑፍም የሰው ዋጋ ተመንም አይደለም፤ ልኬት ነው። ልኬት ደግሞ እንደ ማንኛውም የቤተ ሙከራ ንባብ ትርጉምም ስሕተትም አለው።

እስኪ በቀላል ስሌት እንመልከተው። ጥያቄው አራት አማራጭ ካለው ምንም የማያውቅ ተፈታኝ በግምት ብቻ ከመቶ 25 ያህል ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ 50 ያመጣ ተማሪ የግድ ግማሹን ያውቃል ማለት አይደለም። የጥያቄዎቹን ሲሶ፣ ማለትም 33 ያህሉን አውቆ የቀሩትን 67 ቢገምት ከግምቱ ሩቡ፣ 17 ያህሉ ትክክል ይሆኑለትና 50 ይሞላል። በዚሁ ስሌት 48 ያመጣ ተማሪ የሚያውቀው 31 ያህሉን ሲሆን 30 ያመጣው ግን 7 ያህሉን ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ተፈታኝ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ አይገምትም፤ ስሌቱ አቅጣጫን እንጂ ቁርጥ ያለ እውነትን አያሳይም። ይሁንና በሁለቱ ተማሪዎች መካከል ያለው ርቀት ከነጥባቸው ልዩነት እጅግ የሚበልጥ መሆኑን በግልጽ ይነግረናል። የመጀመሪያው የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው እውቀቱን አምስት እጥፍ ያህል ማሳደግ ይጠበቅበታል።

በዚህ ላይ ግምት ራሱ ይዋዥቃል። 60 ጥያቄ ባለው ፈተና በግምት ብቻ የሚሠሩ ሰዎች በአማካይ 15 ቢያገኙም ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ከ12 እስከ 18 ባለው ውስጥ ይበተናሉ፤ የቀሩት ከዚያም ይርቃሉ። ስለሆነም ለጥቂት ነጥብ የቀረውን ተማሪ «ደካማ»፣ ለጥቂት ያለፈውን «ጎበዝ» ማለት ልኬቱ የማይሸከመውን ፍርድ መስጠት ነው። መስመሩ አጠገብ ለደረሰ ተማሪ በግል ተፈታኝነት መመለስ፣ ወይም የተቀመጠውን መቁረጫ ነጥብ ካሟላ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው ሬሜዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ማለፍ፣ ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ከ30 አካባቢ ለተነሣ ግን ያንኑ ደብተር ይዞ አንድ ዓመት መቀመጥ ብቻውን ምክንያታዊ አይደለም። እርሱ የሚያስፈልገው ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍል መሠረቶች ወርዶ እንደገና መገንባት ነው፤ ለዚህ ጊዜውና አቅሙ ከሌለው ሌላውን በር ያለ ኀፍረት ማንኳኳት ይኖርበታል።

ዳግም ለመፈተን የወሰነስ እንዴት ያጥና? ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ግን በአንዱ አንብቦ በሦስቱ ያነበበውን ሳያይ እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ያነበቡት 83፣ የጻፉት 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት ወደ 40 ሲወርዱ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜትን ይሰጣል፤ እውቀትን የሚያጸናው ግን መጽሐፉን ዘግቶ ከአእምሮ መቅዳት ነው። የቀደሙ ዓመታትን ፈተናዎች መልስ መሸምደድ ከዚህ ጋር አይምታታ፤ ጥያቄው መልኩን በለወጠ ጊዜ የተሸመደደው ፊደል አይረዳምና።

ከድጋሚ ፈተና በፊት የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ የትኛውን ሰርተፍኬት እንፈልጋለን የሚለው ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ሰዎች ስለሆንን ይህን በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ መስክ ከማኅበራዊ ሳይንስ የሚበልጥ ማዕረግ አይደለም። በታሪክና በጂኦግራፊ ልቡ የሚቀና ልጅ ጎረቤት «ዶክተር» እንዲለው ብቻ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ውስጥ ገብቶ ዓመት በዓመት ሲፈተን፣ አገር አንድ ሐኪም አታተርፍም፤ አንድ የታሪክ ምሁር ልታጣ ግን ትችላለች። በአንጻሩ ሒሳብን ለመሸሽ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚሄደውም ይሳሳታል፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ በሁለቱም መስኮች ይጠብቁታል። መስክ የሚመረጠው ከምንሸሸው ሳይሆን ከምንፈልገው ተነሥቶ ሊሆን ይገባል።

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም የወዳቂዎች ማጠራቀሚያ ተደርጎ መታየቱ ይብቃ። ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ኤሌክትሪሺያን የኦምን ሕግ በየቀኑ በእጁ ይፈትነዋል። ያ ምስክር ወረቀት እንጀራ ያበላል፤ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ከመፈተን ይልቅ ለብዙዎች የቀረበው የእውቀት መንገድም እርሱ ሊሆን ይችላል።

ሸክሙን ሁሉ ግን በተማሪው ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ሳይንስን ያለ ቤተ ሙከራ፣ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተማረ ልጅ ውጤቱ የእርሱን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱንም ድህነት ይለካል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ተፈታኙ ከጠቅላላ ነጥቡ ባሻገር በየትኛው ምዕራፍ እንደ ወደቀ የሚያሳይ ዝርዝር ይሰጠው፤ ሐኪም ሙቀት ለክቶ ሕመሙን ሳይናገር አያሰናብትምና። ዩኒቨርሲቲዎችም በፈተና ሰሞን ለተማሪዎች የከፈቱትን ቅጥር ግቢ በዕረፍት ወራት ቤተ ሙከራቸውን ጭምር ለዳግም ተፈታኞች ይክፈቱ።

ውድ ተማሪዎች፣ የውጤት ወረቀታችሁን አትቅደዱት፤ አትሸሽጉትም። በየትምህርቱ ዘርዝራችሁ አንብቡት፣ ከ25 ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ከ50 ምን ያህል እንደ ቀረ አስሉ፤ ከዚያ በኋላ ወስኑ።