ደማችን ሲመረመር ለምን እንደነግጣለን?

ከወገኖቻችን አንዱ እዚህ ናታንያ በሌላ ሕመም ሆስፒታል ይተኛል። ደሙ ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ ይገኝበታል። ከዚያ ወዲያ ወሬው በቤተሰብ ይደበቃል፣ ሳህኑ ለብቻ ይቀመጣል፣ የታሰበ ሠርግ ካለም ያጠራጥራል።

ይህ ድንጋጤ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 የደም ባንክ ከእኛ የሚለገሰውን ደም በድብቅ ሲጥል መኖሩን ማዓሪቭ ጋዜጣ አወጣ። ምክንያቱም ኤድስ ነው ተባለ። በዚያው ወር በ28 ሽማግሌ ወጣት ሳይል ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ወጣ። ያ ውርደት ዛሬም ከልባችን አልወጣም። ስለዚህ «ደም ተመርመሩ» ሲሉን «ደግሞ ምን ሊሉን ነው» ብንል አይፈረድብንም። የምንጎዳው ግን እኛው ነን።

በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ቫይረሱ አለበት። የሆስፒታል ሕመምተኞች ብቻ ሲቆጠሩ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ጉበቱን ታሞ የመጣውም አብሮ ይቆጠራልና። በሆስፒታል አልጋ የተገኘውን ቁጥር ይዞ «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናቸው» የሚል ቢገጥማችሁ፣ «የተቆጠረው ማን ነው?» በሉት። በዓለም ላይ በ2022 ቫይረሱ ያለባቸው 254 ሚሊዮን ነበሩ። የቆዳ ቀለም ጉዳይ አይደለም።

አገር ቤት ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» እንል ነበር፤ የሌሊት ወፍ ላይ የሚያሳብቡም ነበሩ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በጋራ ምላጭና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአንድ ገበታ እንጀራ በመብላት አይተላለፍም፤ ሳህን መለየቱ ከንቱ ድካም ነው። በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ምንም ሳያመው፣ ዓይኑም ቢጫ ሳይሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ጉበቱ ሊጠባበስ ወይም ካንሰር ሊያወጣ ይችላል። አስቀድሞ ከታወቀ ግን ክትትል አለው፣ ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒትም አለ።

በእስራኤል ከ1992 ጀምሮ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ክትባቱ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት እዚያ የተወለድን ሁሉ፣ በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ወላጆቻችንም ጭምር፣ እንመርመር። ነፍሰ ጡር እኅቶቻችን አይዘግዩ፤ እናቲቱ ቫይረሱ ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባትና የመከላከያ መርፌ ያስፈልገዋል።

ከኩፓት ሆሊም ሐኪሞች ደግሞ የምንጠይቀው አለን። «ናሳእ ነህ» ብሎ በዕብራይስጥ ተናግሮ ማሰናበት አይበቃም። ተሸካሚ መሆን ምን እንደሆነ፣ ክትትሉ በየስንት ጊዜው እንደሆነ በአማርኛ ይነገረን። አስተርጓሚ ይቅረብ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ይህን እንዲያስተረጉም አይደረግ።