ሙሽራይቱ መቼ ትጠየቅ?

ከሮቤ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚሄድ መንገደኛ በሚያልፍባት በጎሮ፥ እንደ ሌላውም የባሌ ደጋ፥ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ጥር ሲመጣ የሠርግ ድንኳን ይበዛል። የገና ጾም አልፎአል፤ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ግን ከፊት ቆመዋል። ስለዚህ ሠርገኛውም ይቸኩላል፥ ካህኑም ይቸኩላል። ዛሬ ልንከራከርበት የተነሣነው ስለ ድግሱ ብዛት አይደለም፤ ስለዚያስ ብዙ ተጽፎአል፥ የሰማም የለም። ክርክራችን ካህኑ በተክሊል ቀን ሙሽሮቹን መፈቃቀዳቸውን ስለሚጠይቅባት ስለ አንዲት ጥያቄ ነው።

ጥያቄዪቱ ቅድስት ናት፤ ሰዓትዋ ግን ዘግይቶአል። በዚያች ሰዓት በሬው ታርዶአል፥ ጠላው ተጠምቆአል፥ ጥሎሹ ተቈጥሮ ገብቶአል፥ ከጎባና ከጊኒር የመጡ ዘመዶች ዳሱን ሞልተውታል። አንዲት ልጅ በዚህ ሁሉ ዐይን ፊት ቆማ አልፈቀድሁም ለማለት ምን ያህል ልብ ያስፈልጋታል? ዝም ትላለች። ዝምታዋንም እናትዋ ዐይነ አፋርነት ብላ፥ ሽማግሌው እሺታ ብሎ ይተረጉምላታል። እኛም በቅኔ ቤት ከሰሙ አልፈን ወርቁን እንድንፈልግ ተምረን ሳለን፥ የልጅቱን ዝምታ በሰሙ ብቻ አንብበን እናልፋለን።

የሚቃወሙን ሰዎች ወዲያው የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 24 ያነሡብናል፤ አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት ያመጣለት በሎሌው እጅ አይደለምን? ይሉናል። መልካም፤ እንግዲያስ ምዕራፉን እስከ ፍጻሜው እናንብበው። ሎሌው ገና ጉዞውን ሳይጀምር፥ ሴቲቱ መከተልን ካልወደደች ከመሐላው ነጻ እንደሚሆን አብርሃም ራሱ ነግሮታል። ርብቃን በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ካገኛት፥ አባትዋና ወንድምዋም እሺ ካሉ በኋላ፥ ቤተ ሰቦችዋ ጠርተው ከሰውዬው ጋር ትሄድ እንደ ሆነ ከገዛ አፍዋ ሰምተዋል። እውነት ነው፥ ወርቁና ልብሱ ቀድሞ ተሰጥቶአል። ነገር ግን የጠየቁአት ገና በአባትዋ ቤት ሳለች ነው እንጂ ያን ሁሉ መንገድ በግመል ተጉዛ ከይስሐቅ ድንኳን ደጃፍ ከደረሰች በኋላ አይደለም። ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ጋብቻ በሚናገርበት አንቀጽ፥ ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ያዝዛል፤ ያም አንቀጽ 24 ነው፤ የቍጥሩ መግጠም ደስ ይለኛል።

ፈቃድ ሲናቅ የሚመጣውን ክፋት አገራችን አይታዋለች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በጋብቻ ከያዛት ከክስ የሚድንበትን በር ትቶለት ነበር። በ1989 ዓ.ም. በጎረቤታችን በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሮጥም ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፥ ኋላም ራስዋን መከላከልዋ ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ታሪክዋ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለው ፊልም ለዓለም ታይቶአል። የ1992ቱ የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ የሁለቱን ነጻ ፈቃድ ግድ አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያንን የጠላፊ መሸሸጊያ ዘጋው። አንባቢ፥ ጠለፋና ሽምግልና ምን ያገናኛቸዋል? ይል ይሆናል። በእርግጥ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ነገር ግን የልጅቱን ቃል ከሁሉ በኋላ በማስቀመጥ ሽምግልናችን ለጠለፋ የሚመስልበት አንድ ቦታ አለ፥ እርሱን ነው የምንነቅፈው።

ከጎረቤትም መማር ነውር አይሆንም። የአርሲና የባሌ ኦሮሞ እናት ልጅዋን ስትድር ሲንቄ የተባለችውን በትር ትሰጣታለች፤ በትሪቱ የሴት ክብር መጠበቂያ ናት፥ ሴቶችም ሲንቄአቸውን ይዘው ሲወጡ የበደለ ባል ይፈራል። የእኛይቱ ሙሽራ በእጅዋ ምን ይዛ ትወጣለች?

የዛሬ ወጣቶችም ከነቀፋ አያመልጡም። በጥምቀት አደባባይ ወይም በትምህርት ቤት ይተያያሉ፥ በስልክ ይነጋገራሉ፥ ቀኑን ቈርጠው አዳራሽ ከተከራዩ በኋላ ለወላጅና ለንስሐ አባት ይነግራሉ። ይህም ያው በደል ነው፤ የወላጅን ምክር ምክር መሆኑ ከቀረ በኋላ መጠየቅ ነውና።

ሽማግሎች ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ዘመድ እንማከር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። በዚያ ቀጠሮ ውስጥ በጊኒር ያለው አጎት ይጠየቃል፥ በጎባ ያለችው አክስት ትጠየቃለች፥ ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። ለእነዚያ ሽማግሎች ቡና አፍልታ ያቀረበችው ልጅ ግን አትጠየቅም። እንግዲህ አዲስ ሥርዓት አላመጣንም፤ ቀጠሮው ድሮም አለ። የንስሐ አባት በዚያ ቀጠሮ መካከል ይምጣ፤ አባትና እናት ከቤት ይውጡለት፤ ልጅቱን ለብቻዋ፥ ልጁንም በቤቱ ለብቻው ይጠይቅ። አልወድም ያለች እንደ ሆነ ምክንያትዋን ለማንም ሳይገልጥ፥ ይህ ነገር ይቅር ብሎ ለአባትዋ ይንገረው፤ ሽማግሎቹም ሲመለሱ የሚሰሙት መልስ ይኸው ይሁን። ይህን ያላደረገ የንስሐ አባት የተክሊልን ቀን አይቍረጥ፤ በዚያም ሠርግ ከማዕድ አይቀመጥ።