ስለ ቦረና ቆላ ምንጣሮ፤ ለጋውን ግራር ስለ መቍረጥና ሣሩን ስለ መመለስ

የቦረና አገር ሀብት ከብት ነው፤ የከብቱም ሀብት ሣር ነው። ከነገሌ ዠምሮ በአሬሮና በያቤሎ በኩል እስከ ሜጋና እስከ ሞያሌ ድረስ ያለው ቆላ ዝናቡ ጥቂትና የማይታመን ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ከጥንት ዠምሮ ተስፋውን የጣለው በእርሻ ላይ ሳይሆን በላሙ ወተት ላይ ነው። የቦረና ከብት በቁመናውና በጥንካሬው የተመሰገነ ከመሆኑ የተነሣ ዘሩ በኬንያ ይልቁንም ከባሕር ማዶ በአውስትራሊያ ሳይቀር ይረባል። እንግዲህ ሣሩ የጠፋ እንደ ሆነ በዚያ አገር የሚቀረው ምን እንደ ሆነ፥ የአገር ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ ብዙ ከብትና ሰፊ ይዞታ ያላቸውም ሰዎች ሊያስቡት የሚገባ ነገር ነው።

ሣሩንም እያጠፋው ያለው ለጋ ግራር ነው። ቀድሞ ገላጣ መስክ በነበረው ስፍራ ከሰው ወገብ እስከ ሰው ራስ የሚደርስ እሾኻም ቍጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። በመረሬው አፈር ላይ ባላገሩ ፉሌንሳ የሚለው፥ በእሾኹ ሥር ጕንዳን የሚያድርበት እብጠት ያለውና ነፋስ ሲመታው የሚያፏጨው ግራር ይበዛል፤ በሌላውም አፈር ሰጰንሳ ጉራቻና ዋንጋ የሚባሉት ወርረውታል። በዚህ መካከል ላም ማለፍ አይሆንላትም፤ እረኛውም መንጋውን በዓይኑ መከተል ስለማይችል ጅብ ይደፍረዋል። መቀመጫው በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪቃ ከብት ርቢ ማእከል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ባሳተመው ጥናት፥ ከቦረና የግጦሽ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በቍጥቋጦ የተወረረ መሆኑ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ቍጥቋጦው እየሰፋ ሄደ እንጂ አልቀነሰም።

ብዙ ሹማምንት የዚህ ኹሉ ምክንያት የባላገሩ ከብት መብዛት ነው ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ነገር እኩሌታው እውነት ነው። ሣሩ እስከ ሥሩ ሲጋጥ የዝናቡ ውሃ ሳይጠጣ ወደ ታች ወርዶ ለግራሩ ጥልቅ ሥር ይተርፋል፤ የግራሩንም ፍሬ ፍየሉና ከብቱ በልተው በሄዱበት ኹሉ ከፋንድያቸው ጋራ ይዘሩታል። ነገር ግን ቦረና ከብት የበዛለት ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከብቱም በበዛበት በቀድሞው ዘመን መስኩ ገላጣ ነበረ። ልዩነቱን ያመጣው እሳት ነው። ቀድሞ ሽማግሎች በበጋው መጨረሻ፥ በመጋቢት የሚጀምረው ዋናው ዝናብ ከመድረሱ በፊት፥ ያረጀውንና የደረቀውን ሣር በየተራ ያስለኵሱት ነበር። እሳቱም መዥገሩን ይፈጃል፥ ለአዲሱ ሣር ቦታ ይከፍታል፤ ከኹሉ ይልቅ ግን ገና አንድ ክንድ ያልሞላውን የግራር ቡቃያ ያጠፋል። ትልቁን ዛፍ አይጐዳውም። ግራር በልጅነቱ ካልተቀጣ በኋላ የሚቀጣው የለም።

ይህ ልማድ የቆመው ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መንግሥት እሳት መለኰስን በከለከለ ጊዜ ነው። አሳቡ ደንን ለመጠበቅ ስለ ነበረ ክፉ አልነበረም። ጕዳቱ ለደጋው ጥድ የታሰበው ትእዛዝ በቆላው መስክ ላይ ሳይለይ መዋሉ ነው። በዚያው ዘመን አካባቢም በመንግሥት ልማት ብዙ ኵሬዎች ተቈፈሩ፤ ቀድሞ ውሃ ስለሌለው በክረምት ብቻ ይጋጥ የነበረው መስክ ዓመቱን ኹሉ መንጋ አይለየው ጀመር። በዱብሉክና በጋዮ እንዳሉት ባሉት በዘጠኙ የቱላ ኤላዎች ዘንድ ግን ውሃ የሚጠጣው በተራና በሥርዓት ስለ ሆነ፥ ከብቱ የሚበዛበትን ወራት የሚወስነው የኤላው ሹም ነበረ፤ ኵሬው ግን ሹም የለውም። ሣር በሌለበት ደግሞ እሳት ቢለኰስ እንኳ የሚይዘው ነገር አያገኝም። እንዲህ ኹኖ ግጦሹና ክልከላው ተባብረው ግራሩን አሳደጉት።

ለዚህ ነገር የሚበልጠው ምስክር ከነገሌ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የሊበን ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ በቍጥቋጦ ውስጥ ፈጽሞ የማትኖር፥ ረጅም ሣር ብቻ የምትፈልግ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ሊቃውንት በሜዳው ስም የሊበን ላርክ ብለው ጠርተዋታል። በፈረንጆች 1968 ለጥናት ተይዛ በ1975 በጽሑፍ ታወቀች። ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ሊቃውንቱ በአንድ መስመር እየተመላለሱ ሲቈጥሯት በ40 በመቶ አንሳ ተገኘች፤ በአፍሪቃ የብስ ላይ በታወቀ ዘመን ፈጽማ የምትጠፋ የመጀመሪያዪቱ ወፍ እንዳትሆን ተፈራ። ስለ አንዲት ወፍ እንቅልፍ የሚያጣ ሹም ጥቂት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ወፊቱን ያሳደዳት ላሚቱንም ያስራባት አንድ ነገር ነው፤ ከዳር እየገፋ የመጣው ቍጥቋጦ፥ ሜዳውን የቈረሰው ማረሻ፥ የቀረውንም እስከ አፈሩ የላሰው ግጦሽ። ኋላ የሊበን ሽማግሎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋራ ተማክረው ቍጥቋጦውን እየመነጠሩ ከሜዳው ከፊሉን በካሎ ከለሉት። ካሎ ማለት ለጥጃና ለታመመ ከብት ተብሎ ለበጋ የሚጠበቅ መስክ ነው፤ ልማዱ የቦረና የራሱ እንጂ ከውጭ የመጣ አይደለም። በተከለለውም ስፍራ ሣሩ ተመልሶ ቆመ።

ስለዚህ ምንጣሮ የሚገባ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው የሚሠራበት መንገድ ነው። ዛሬ በብዙ ወረዳ የሚደረገው፥ በሴፍቲኔት ሥራ ወይም በድርቅ ጊዜ በሚሰጥ እርዳታ ሰው ተሰብስቦ በመጥረቢያና በገጀራ ቍጥቋጦውን ይጥላል፤ የተመነጠረው ሔክታር ይቈጠርና ወደ ዞን ይጻፋል፤ ሰውም ይበተናል። ጉቶው ግን በስፍራው ይቀራል። ፉሌንሳና ብዙዎቹ ግራሮች ከጉቶ የሚያቈጠቍጡ ናቸው፤ በቦረና በተደረገው ፈተናም ይህ ታይቷል። ቀድሞ በአንድ ግንድ የነበረው በዝናብ ጊዜ ብዙ ቀንበጥ ኹኖ ይነሣል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ስፍራው ከፊተኛው የባሰ ጥቅጥቅ ይሆናል። ወረዳው እንደ ገና ያንኑ ስፍራ መንጥሮ እንደ ገና ያንኑ ሔክታር ይጽፋል። በወረቀት ላይ ሁለት መስክ ተገኘ፤ በአገሩ ላይ ግን አንድም የለም።

የተቈረጠው ጉቶ እንዳይነሣ የሚያደርጉት እሳትና አፍ ናቸው። ይኸውም የሚመነጠረው ስፍራ አስቀድሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ዝናብ ከከብት ተጠብቆ ሣር እንዲያበቅል፥ በታኅሣሥና በጥር ቍጥቋጦው ተቈርጦ በዚያው ሣር ላይ እንዲደርቅ፥ በየካቲት መጨረሻም በሽማግሎች ፊት ነፋሱ ታይቶ እንዲቃጠል ነው። ከዝናቡ በኋላ ከጉቶው የሚወጣውን ቀንበጥ ፍየልና ግመል ይበሉታል፤ ከብቱ ግን ሣሩ ዘር እስኪጥል ድረስ አይገባበትም። መተ ጉዴሳና አላሎ የሚባሉት፥ ላም የምትወዳቸው ሣሮች፥ ዕረፍት ካላገኙ በተመነጠረው ስፍራ የሚበቅለው አረም ብቻ ነው።

ስለ ግመል ከተነሣ፥ ቍጥቋጦውን ከመቍረጥ ይልቅ ባላገሩ ከላም ወደ ግመል ቢዞር ይሻላል የሚሉ አሉ። ብዙ ቤተ ሰብም በፈቃዱ ሳይሆን ቸግሮት ዞሯል። ግመል በድርቅ ጽኑ መሆኑ እውነት ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በቀሩ ጊዜ፥ ላሞቹ በያቤሎና በዱብሉክ መንገድ ዳር ወድቀው ሲቀሩ ግመሉ ይበልጥ ተቋቁሟል። ነገር ግን የግመል ዋጋ ብዙ ነው፤ ሁለት ላም ብቻ የቀረችው መበለት በምን ትገዛዋለች? የምክሩ ባለቤቶች ይህን ሲመልሱ አልተሰማም።

የሚቈረጠውን ከማይቈረጠው መለየትም የሹሙ ግዴታ ነው። ደደቻ የሚባለው ጥላው ሰፊ የሆነው ትልቅ ግራር ከቶ መነካት የለበትም፤ ከጥላው ሥር ያለው ሣር ከሌላው ይልቅ ለምለም ነው፥ ፍሬውም በበጋ መኖ ነው። ዕጣንና ሙጫ የሚሰጡት ዛፎች ለሊበንና ለፊልቱ አካባቢ ሰው የገንዘብ ምንጭ ናቸው። በነገሌ ሰሜን፥ በዋደራና በአንፈራራ፥ እንዲሁም በአሬሮና በያቤሎ ያለው የጥድ ደን ደግሞ ከዚህ ነገር ጨርሶ ውጭ ነው። የምንጣሮ ፈቃድ በደን ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጥዱ ለጣውላ፥ መሬቱም ለእርሻ የሚሄድ መሆኑን የማያውቅ የለም።

እሳትን የሚፈሩ ሹማምንትም ያለ ምክንያት አይደለም። በየካቲትና በመጋቢት 1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ከውጭ አገር ረዳት እስኪጠራለት ድረስ የከፋ ነበር፤ ያን ያየ ሰው ክብሪት ሲጫር ይደነግጣል። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት የነደደው በድርቅ የደረቀ ደን ነው እንጂ በሽማግሎች ትእዛዝ የተቃጠለ መስክ አይደለም። ደኑንና መስኩን በአንድ ክልከላ ማሰር ለደኑ አልጠቀመውም፤ መስኩን ግን አጥፍቶታል። በቦረና ከክልከላው በኋላ በጥናትና በጥንቃቄ እንደ ገና የተለኰሰው እሳት መልካም ፍሬ ስለ ሰጠ፥ ወረዳዎች ስፍራው የሚቃጠልበትን ድንበርና ቀን በጽሑፍ እየወሰኑ ቢፈቅዱ የሚነቀፍ አይደለም።

ከኹሉ የሚያስፈራው ግን ከምንጣሮው በኋላ የሚመጣው ነው። ቍጥቋጦ ሳለ ማንም የማይሻው መሬት፥ ከጸዳ በኋላ ባለቤቱ ይበዛል። አንዱ ማረሻ ያገባበታል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት በቆሎ ዘርቶ ዝናብ ሲቀርበት ትቶት ይሄዳል፤ የታረሰው መስክ ግን ሣሩን ቶሎ አይመልስም። ሌላው፥ ይልቁንም በከተማ ወዳጅ ያለው፥ በካሎ ስም በእሾኽ አጥሮ ለገበያ የሚያደልበውን ሰንጋ ያስገባበታል። ካሎ የመንደሩ ጥጆች መሰማሪያ ነው፤ የአንድ ሰው አጥር ከሆነ ካሎ አይባልም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ከታወጀ ወዲህ የግጦሽ መሬት በግል ባለርስትነት የሚያዝ አይደለምና፥ ብዙ ከብት ያላቸው ሰዎች ባስመነጠሩት ልክ ይገባናል ሲሉ የወረዳ ሹም ሊሰማቸው አይገባም። የጕልበቱ ዋጋ ይከፈላቸው፤ መሬቱ ግን የመንደሩ ነው።

የተቈረጠው እንጨትም ከንቱ አይደለም። በናሚቢያ ከብት አርቢዎች ሰጰንሳ ጉራቻ ከሚባለው ከዚሁ ግራር ከሰል አክስለው ወደ አውሮጳ ይሸጣሉ፤ ለምንጣሮውም ወጪ የሚሆነውን ከዚያው ያገኛሉ። በቦረናም ለጋውን ግራር ብቻ የሚያከስል የመንደር ማኅበር ቢፈቀድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከሳዩ ወፍራም ግንድ ይወዳልና፥ በኬላው ላይ የሚፈትሽ ሰው ከሌለ ከለጋው ቍጥቋጦ ቀድሞ የሚያልቀው ደደቻው ነው።

ይህ ኹሉ ያለ ሽማግሎች የሚሆን አይደለም። የቦረና ሕዝብ ሕጉን በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ የሚያይ ነው፤ የትኛው መስክ ለክረምት፥ የትኛው ለበጋ እንደ ሆነ፥ እሳትም በየት በኩል ቢለኰስ በየት እንደሚቆም የሚያውቁት በየመስኩ የተሾሙት አባቶች ናቸው። የወረዳው የእርሻ ሹም ካርታውንና መዝገቡን፥ ሽማግሎቹም እውቀታቸውን ይዘው በአንድነት ስፍራውን ይምረጡ። መዝገቡም ላይ ከተመነጠረው ሔክታር ጐን፥ በሦስተኛው ዓመት በዚያው ስፍራ የቆመው ሣርና የተነሣው ጉቶ ተቈጥሮ ይጻፍ፤ ገንዘቡም በዚያ ይለካ። መስኩ ከመስከረሙ ዝናብ በፊት መከለል ስላለበት፥ ለሚመጣው ዓመት ምንጣሮ የሚያስብ ወረዳ ሽማግሎቹን የሚጠራበት ጊዜ ከነሐሴ ወር ማለፍ የለበትም።