ነሐሴ ላይ መንጠቆው ይቀመጥ

ፍልሰታ ሲፈታ «ዓሣው በዝቷል» ይባላል። መንጠቆ፣ ቢራና ከሰል ተጭኖ ጓደኛሞች ከባሕር ዳር ወደ ጉማራ ወንዝ ይወርዳሉ። ማታ ፌስቡክ ላይ ክንድ የሚያክል ነጭ ዓሣ ታቅፈው ይታያሉ። ዓሣውን ወደ ካሜራው አስጠግቶ የማተለቁን ዘዴ እንለፈው።

ዓሣው ግን አልበዛም፤ ሊራባ ተሰብስቦ ነው። ጣና ውስጥ ቢያንስ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ከነሱ ብዙዎቹ በክረምት ሐይቁን ለቀው በጉማራ፣ በርብና በመገጭ አፍ ይከማቻሉ፤ ከዚያ ጠጠራማ ገባሮችን ፍለጋ ሽቅብ ይወጣሉ። ክንድ የምታክለው ብዙ ጊዜ እንቁላል የተሸከመች እናት ናት። «ፎቶ አንስተን እንለቃታለን» ይላሉ። ጉንጯ ተቀዶ፣ ደረቅ ላይ ቆይታ፣ ያንን ሁሉ ሽቅብ ልትዋኝ?

«የጨረሰው መረብ ነው» የሚለው መልስ እውነት አለው። በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ የሚያግዘው ከመንጠቆ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን አስጋሪው የልጆቹን እንጀራ ነው የሚጎትተው። ቡና ላይ እሱን «ስግብግብ» የሚሉት ሰዎች ቅዳሜ እዚያው ወንዝ አፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያውም ለጨዋታ። ለጨዋታ ከኅዳር እስከ ግንቦት ሙሉ በጋ አለላቸው።

በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ የነበሩ 15 የዚሁ ወገን ዝርያዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ከምድር ጠፍተዋል ተብለው ተመዝግበዋል።

ክልሉ የወንዞቹን አፍ ከሐምሌ እስከ መስከረም ለመረብም ለመንጠቆም ይዝጋ። ጓደኛሞቹ ኅዳር ላይ ይገናኙ፤ ቢራው አይበላሽም።