ርካሹ ታብሌትና ውዱ መስመር

የህንድ የሰው ሀብት ልማት ሚኒስትር የነበሩት ካፒል ሲባል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 በኒው ዴልሂ ከተማ «አካሽ» የተሰኘውን ታብሌት ኮምፒዩተር ይፋ ሲያደርጉ፣ የዓለም መገናኛ ብዙኃንን ቀልብ የሳበው የመሣሪያው ዋጋ ነበር። መንግሥት ዳታዊንድ ከተባለው ኩባንያ አንዱን በ50 ዶላር ገደማ እየገዛ፣ ድጎማ አክሎበት ለተማሪዎች በ35 ዶላር ለማድረስ አቅዶ ነበር። አፕል ከአንድ ዓመት በፊት ለገበያ ያቀረበው አይፓድ መነሻ ዋጋው 499 ዶላር እንደነበር ሲታወስ የልዩነቱ ስፋት ግልጽ ይሆናል።

አንድ ቤተሰብ ሳሎን ተቀምጦ በጣት ንክኪ ብቻ ድረ ገጽ የሚያነብበት ርካሽ መሣሪያ የማግኘት ምኞት ከአካሽ ቀደም ብሎ የተነሣ ነው። አሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ጸሐፊ ማይክል አሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2008 በ200 ዶላር የሚሸጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይሁን እንጂ ከአምራቹ ኩባንያ ጋር የነበራቸው ሽርክና ፈርሶ፣ መሣሪያው «ጁጁ» በሚል ስም በ499 ዶላር ብቅ አለ፤ ገበያም ሳያገኝ ቀረ። ዋጋውን በእርግጥ የሰበረው አማዞን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 ባለ 7 ኢንች ታብሌት በ199 ዶላር፣ በ2015 ደግሞ በ50 ዶላር ለገበያ አቅርቧል። ይህን ለማድረግ ያስቻለው ትርፉን የሚጠብቀው ከመሣሪያው ሳይሆን በመሣሪያው አማካይነት ከሚሸጣቸው መጻሕፍት፣ ፊልሞችና ማስታወቂያዎች መሆኑ ነው። በመሆኑም የመሣሪያው ዋጋ ጥያቄ ምላሽ ካገኘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ይቻላል።

የአካሽ ታሪክ የሚያስገነዝበው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው አካሽ 256 ሜጋባይት ሚሞሪና 366 ሜጋኸርትዝ ፍጥነት ያለው ፕሮሰሰር ሲኖረው፣ ስክሪኑ ጣትን ጠበቅ አድርጎ መጫንን የሚጠይቅ ነበር። ባትሪውም ከሦስት ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። እነዚህ ጉድለቶች በጊዜ የሚታረሙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 የወጣው አካሽ 2 የተሻለ ስክሪንና ፈጣን ፕሮሰሰር ይዞ መምጣቱም ይህንኑ ያሳያል። መሠረታዊው ችግር መሣሪያው ከኢንተርኔት የሚገናኘው በዋይፋይ ብቻ መሆኑ ነበር።

ዋይፋይ «ገመድ አልባ» ይባል እንጂ በቤት ውስጥ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ሥር የተቀመጠና ከመስመር ጋር የተያያዘ ሳጥን ነው። ገመዱ የሚቀረው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ላይ ብቻ ነው። የብሮድባንድ መስመር ያልገባለት ቤት ውስጥ የሚኖር ተማሪ በ35 ዶላር የገዛው ታብሌት ከድረ ገጽ የሚያገናኘው ኮሌጁ ቅጥር ግቢ ሲደርስ ነው። ዳታዊንድ ራሱ ይህን የተረዳ ይመስላል። በነጻ ገበያ «ዩቢስሌት» ብሎ የሸጠው ሞዴል በሲም ካርድ የሚሠራ ሲሆን፣ ድረ ገጾችን አስቀድሞ በራሱ ሰርቨር ላይ እያመቀ በዝግተኛ ኔትወርክ ያስተላልፍ ነበር። ለድጎማ የቀረበው ሞዴል ይህ ሳይኖረው መቅረቱ ዛሬም ያስገርማል።

በአገራችንም በዚያው ሰሞን ተቃራኒው መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተሰኘው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ 40 ያህል ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ቻርጅ የሚደረጉት በፀሐይ ኃይል ሲሆን ኢንተርኔት አልነበራቸውም። በየሳምንቱ ሰው እየሄደ የሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር። ኔግሮፖንቴ እንደገለጹት፣ ሕፃናቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር፣ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ሰብረው መክፈት ችለዋል። የተናገሩት የፕሮጀክቱ ባለቤት በመሆናቸው ነገሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ያም ሆኖ ታብሌት ያለ መስመር ከንቱ ዕቃ አለመሆኑን ሙከራው አሳይቷል። ሕፃናቱ የዘመሩት «ሀ ሁ»ን አለመሆኑ ግን ሊጤን ይገባዋል።

ዛሬ በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ታብሌት ብርቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ መቀነሱ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 አገልግሎት መጀመሩ የመስመሩን ሸክም አቅልለውታል። ነገር ግን መደበኛ ብሮድባንድ በሌለበት ቤት ታብሌቱ የሚንቀሳቀሰው በእናት ወይም በአባት ስልክ ሆትስፖት ነው። ልጅ አንድ ከሰዓት ቪዲዮ ሲመለከት ውሎ የሳምንቱ ፓኬጅ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ታብሌቱ የጨዋታ ዕቃ ይሆናል፤ ድረ ገጽ የማንበቡን ሥራ ስክሪኑ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣው ስልክ ወስዶታል።

ስለሆነም ለልጁ ታብሌት ሊገዛ መርካቶ የሚወርድ ወላጅ ከዋጋው አስቀድሞ በምን መስመር እንደሚሠራ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ሲም ካርድ የማይቀበለው ሞዴል ረከስ ይላል፤ መደበኛ መስመር ለሌለው ቤት ግን ውድ ሆኖ ይገኛል። መስመር ለጊዜው የማይታሰብ ከሆነ፣ ኪዊክስን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ለዚህ የሚሆን ቦታ ከማንኛውም ተራ ሚሞሪ ካርድ ላይ አያጣም፤ የጽሑፎቹ ቁጥር ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነውና።